የሰረገላ ፈረስ ለሙዚየም ገበያ፦ ከሞያሌ እስከ ፓርክላንድስ ነጋዴው ሊያውቀው የሚገባ

በኢትዮጵያ ከተሞች ባጃጅ ጋሪን ከዋና ዋና መንገዶች እየገፋ ነው። ትናንት በጋሪ ላይ የነበረ ፈረስ ዛሬ ወይ ወደ ዳር ሰፈር ይወርዳል፣ ወይ በርካሽ ይሸጣል። በሌላ በኩል ደግሞ ፈረስን ለጭነት ሳይሆን ለጎብኚ የሚፈልግ አዲስ ገዢ ብቅ ብሏል። ሙዚየሞች፣ ፓርኮችና የመዝናኛ ቦታዎች ጎብኚን በፈረስ ወይም በሰረገላ ማዞር ይፈልጋሉ። ገበያው ጠባብ ነው፤ የሚፈልገውም ብዙ ፈረስ ሳይሆን የተመረጠ ፈረስ ነው። ይህ ትምህርት ለዚህ ገዢ ፈረስ ወይም በቅሎ ከድንበር ወዲያና ወዲህ የሚያንቀሳቅስ ነጋዴ ሊያውቃቸው የሚገቡትን ነጥቦች በቅደም ተከተል ያቀርባል። ዓ.ም. ከተባለው በቀር ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. ገዢው ማን ነው? ምንስ ይፈልጋል?

የአየር ላይ ሙዚየም የሚባለው የጥንት ቤቶችን፣ ዕቃዎችንና አኗኗርን በግቢ ውስጥ እንደነበሩ አቆይቶ የሚያሳይ ቦታ ነው። በዓለም የመጀመሪያው ተብሎ የሚታወቀው በ1891 በስቶክሆልም የተከፈተው ስካንሰን ነው። በአሜሪካ ቨርጂኒያ የሚገኘው ኮሎኒያል ዊሊያምስበርግ ደግሞ ጎብኚዎችን በ18ኛው ክፍለ ዘመን ዓይነት ሰረገላ ያዞራል፤ በዚያውም ቁጥራቸው የተመናመነ የፈረስ፣ የከብትና የበግ ዝርያዎችን ያረባል። ለነጋዴ ትምህርቱ እዚህ ላይ ነው። እንዲህ ያለ ተቋም የሚገዛው የፈረሱን ጉልበት ብቻ አይደለም፤ ዝርያውን፣ ታሪኩንና ጠባዩንም ጭምር ነው።

በአካባቢያችንም ፈረስ ለጎብኚ እየቀረበ ነው። በ2020 በተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ ጎብኚው ፈረስ ይጋልባል። በአዊ ዞን እንጅባራ ላይ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በዓሉን ያከብራል፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ያጌጡ ፈረሶችም በአንድ ሜዳ ይታያሉ። በናይሮቢ ላንጋታ በ1971 የተቋቋመው ቦማስ ኦፍ ኬንያ የልዩ ልዩ ብሔረሰቦችን መኖሪያ በግቢ ውስጥ ሠርቶ ያሳያል። ከፓርክላንድስ ጎን ሙዚየም ሂል ላይ ያለው የናይሮቢ ብሔራዊ ሙዚየም ደግሞ በ1930 የተከፈተው የኮሪንደን ሙዚየም ተተኪ ነው። ነጋዴው እነዚህን ሁሉ የፈረስ ገዢዎች አድርጎ እንዳይቆጥራቸው። ነገር ግን ጎብኚ በብዛት የሚሰበሰበው በእንዲህ ያሉ ቦታዎች በመሆኑ ጥያቄው ሲመጣ ከየት እንደሚመጣ ያመለክታሉ።

2. ከፓርክላንድስ ታሪክ የሚገኝ ትምህርት

የባቡር ሐዲዱ ናይሮቢ የደረሰው በ1899 ነው። ከዚያ በፊት ከሞምባሳ ወደ ውስጥ የሚዘልቀው ጭነት በአብዛኛው በሰው ትከሻ ይጓጓዝ ነበር። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ የገንዲ ዝንብ ባለበት ቆላ የገባ ፈረስ፣ በቅሎና በሬ አይሰነብትም። በከተማዋ የመጀመሪያ ዓመታት መንገዱን የያዙት በበሬ የሚጎተቱ ሠረገላዎች፣ በሰው የሚጎተቱ ሪክሾዎችና በቅሎዎች ነበሩ። ከበቅሎዎቹና ከፈረሶቹ ከፊሎቹ የመጡት ከኢትዮጵያ ነበር። ጆን ቦይስ የሚባለው እንግሊዛዊ ነጋዴ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ወደ ኢትዮጵያ ተጉዞ ፈረስና በቅሎ እየገዛ በሰሜኑ በረሃ በኩል ወደ ናይሮቢ ነድቷል። ዛሬ የሞያሌ ነጋዴ የሚሄድበት አቅጣጫ እንግዲህ ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው ነው።

በዚያው ዘመን፣ በ1900፣ ሮዜንዶ ሪቤሮ የሚባል የጎዋ ተወላጅ ሐኪም ናይሮቢ ገባ። ይህ ሐኪም በሽተኞቹን የሚጎበኘው በተገራ የሜዳ አህያ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ፎቶግራፉም እስከ ዛሬ አለ። ዛሬ ፓርክላንድስ ውስጥ በስሙ የሚጠራ ትምህርት ቤት ይገኛል።

የሜዳ አህያ መጋለብ ለጎብኚ ደስ የሚል ወሬ ነው። ለነጋዴ ግን ከወሬው በስተጀርባ ያለው ጉዳይ ይበልጣል። ፈረስን በሚገድለው በሽታ የሜዳ አህያ ሲያዝ አብዛኛውን ጊዜ የሕመም ምልክት አያሳይም። ነጋዴው በመጀመሪያ ሊያውቀው የሚገባ በሽታም ይኸው ነው።

3. አንደኛው አደጋ፦ የአፍሪካ የፈረስ በሽታ

የአፍሪካ የፈረስ በሽታ በቫይረስ የሚመጣ ሲሆን ከእንስሳ ወደ እንስሳ የሚያስተላልፉት ደም የሚመጡ ጥቃቅን ትንኞች ናቸው። ከታመሙት ፈረሶች ውስጥ የሚሞተው ከግማሽ እስከ 95 በመቶ ሊደርስ ይችላል። በበቅሎ ላይ ግማሽ ያህል ነው። አህያ ከሁለቱም በጣም ይሻላል፤ የአፍሪካ አህያና የሜዳ አህያ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ምልክት ሳያሳዩ ያልፉታል። ከምልክቶቹ ዋና ዋናዎቹ ትኩሳት፣ የትንፋሽ ማጠር፣ ከአፍንጫ የሚወጣ አረፋ እንዲሁም ከዓይን በላይ ባለው ጎድጓዳ ቦታ የሚታይ እብጠት ናቸው። ሳንባውን የያዘው ዓይነት ፈረሱን በሰዓታት ውስጥ ሊጥለው ይችላል።

ለጎብኚ የተገዛ እንስሳ ምን ሊያስከትል እንደሚችል ስፔን በ1987 አይታለች። በማድሪድ አቅራቢያ ለሚገኝ የሳፋሪ ፓርክ ከናሚቢያ የሜዳ አህዮች ተገዙ። እንስሳቱ ጤነኞች ይመስሉ ነበር። ቫይረሱ ግን ከእነሱ ጋር ገባ፤ ወረርሽኙም በተከታታይ ዓመታት እየተመላለሰ እስከ 1990 ቆየ። ፓርኩ የፈለገው ጎብኚ የሚያይለትን እንስሳ ነበር፤ ጉዳቱ የደረሰው ግን በአገሪቱ ፈረሰኞችና ፈረስ ነጋዴዎች ላይ ነው። «እንስሳው ደህና ይመስላል» የሚለው ቃል በድንበር ላይ ማስረጃ የማይሆነው ለዚህ ነው።

መከላከያው ሦስት ነገር ነው።

አንደኛ፣ ክትባት። በ1964 የተቋቋመው የቢሾፍቱ ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት የዚህን በሽታ ክትባት ያመርታል። የቫይረሱ ዓይነቶች 9 በመሆናቸው ለአንዱ የተሰጠ ክትባት ከሌላው ላያድን ይችላል። ስለዚህ የተከተበው ለየትኛው ዓይነት እንደሆነ በወረቀቱ ላይ መጻፍ አለበት። ክትባቱ መከላከያ ለመገንባት ሳምንታት ስለሚወስድ በጉዞ ዋዜማ የተወጋ ፈረስ እንዳልተከተበ መቆጠር ይኖርበታል።

ሁለተኛ፣ ሰዓት። ትንኞቹ በብዛት የሚናከሱት ከምሽት እስከ ንጋት ነው። በጉዞ ላይ ያለ ፈረስ ፀሐይ ከመጥለቋ በፊት ጣራና መከለያ ባለው ቦታ ቢገባ፣ ፀሐይ ከወጣች በኋላም ቢወጣ አደጋው በእጅጉ ይቀንሳል። ረግረግና የታቆረ ውኃ አጠገብ ማሳደር ግን ፈረሱን ለትንኝ እንደ ማስረከብ ነው።

ሦስተኛ፣ ወቅት። በኬንያ ረጅሙ ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ አጭሩ ደግሞ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ አካባቢ ነው። ትንኝ የሚበዛው ዝናቡን ተከትሎ ነው። ከእንጅባራው በዓል በኋላ ያሉት የጥር መጨረሻና የየካቲት ሳምንታት በአንጻሩ ደረቅ ናቸው። ፈረስ በብዛት የሚታይበት ጊዜና ለጉዞ የሚመቸው ወቅት መገጣጠማቸው ለነጋዴው ይጠቅመዋል።

4. ሁለተኛው አደጋ፦ ከጋሪ የሚወረስ ቁስል

የከተማ ጋሪ ፈረስ አንድ ትልቅ ጥቅም አለው፤ መኪና፣ ጥሩምባና ግርግር ለምዷል። ለሙዚየም የሚታሰበውም በመጀመሪያ እሱ ነው። ነገር ግን ይዞት የሚመጣው በሽታ ሊኖር ይችላል። በፈንገስ የሚመጣው ኤፒዙቲክ ሊምፋንጃይተስ በቆዳ ሥር እንደ ገመድ የተያያዘ እብጠት እያወጣ፣ እየፈነዳ መግል የሚያወጣ በሽታ ነው። አብዛኛውን ጊዜ በእግር፣ በደረትና በአንገት ላይ ይታያል።

በ2006 የታተመ ጥናት በ28 የኢትዮጵያ ከተሞች ወደ 19 ሺህ የሚጠጉ የጋሪ ፈረሶችን መርምሮ በሽታውን በ18.8 በመቶ ላይ አግኝቷል። በሞጆ 39 በመቶ ሲደርስ በገብረ ጉራቻ ግን አንድም አልተገኘም። በሽታው የበረታው በሞቃትና እርጥበት ባለው፣ ከ1,500 እስከ 2,300 ሜትር ከፍታ ባለው አካባቢ ነው። ናይሮቢ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ እንደምትገኝ ማስታወስ ይገባል። ስለዚህ ፈረሱ ከየትኛው ከተማ ጋሪ እንደወጣ መጠየቅ ስለ ዋጋው የመጠየቅ ያህል አስፈላጊ ነው።

በሽታው የሚገባው በቁስል በኩል ነው። ዝንብ፣ በጋራ የሚያዝ የጋሪ ዕቃና የተበከለ አፈር ያስተላልፉታል። ሕክምናው ረጅምና ውድ ነው፤ ከገፋም በኋላ ውጤቱ አያስተማምንም። ገዢው በሁለት እጁ የፈረሱን እግሮች ከላይ እስከ ታች፣ ደረቱንና የአንገቱን ጎን ይዳስስ። ትንሽ ኳስ የሚመስል እብጠት ሲያገኝ «የጋሪ ጠባሳ ነው» የሚለውን የደላላ ቃል ትቶ የእንስሳት ሐኪም ያሳይ። ለእያንዳንዱ ፈረስም የራሱ ልጓምና የራሱ ዕቃ ይኑረው።

5. የሰረገላ ፈረስ አመራረጥ

*ዘር።* በኢትዮጵያ የተመዘገቡት የፈረስ ዓይነቶች ስምንት ሲሆኑ ከእነሱም መካከል የሰላሌ፣ የባሌ፣ የቦረና፣ የሆሮና የከፋ ፈረስ ይገኙበታል። ሙዚየም የሚገዛው ታሪክን ጭምር ስለሆነ የትውልድ ቦታው የታወቀ ፈረስ ምንጩ ካልታወቀ ፈረስ የተሻለ ዋጋ ያወጣል። አባ ታጠቅ፣ አባ በዝብዝ፣ አባ ዳኘውና አባ ጠቅል የተባሉት ነገሥታት በፈረስ ስማቸው በሚጠሩበት አገር፣ የፈረሱ ታሪክ የሸቀጡ አካል መሆኑ አያስገርምም።

*ዕድሜ።* የፈረስ የፊት ወተት ጥርሶች በ2 ዓመት ተኩል፣ በ3 ዓመት ተኩልና በ4 ዓመት ተኩል ገደማ በቋሚ ጥርስ ይተካሉ። 5 ዓመት ሲሆነው አፉ ይሞላል። ለሰረገላ ከ5 ዓመት በታች ያለውን መግዛት አጥንቱ ያልጠናውን ሥራ ላይ ማዋል ነው።

*ጠባይ።* ድንጉላ በባዝራዎች መካከል አይታመንም፤ ሕፃናት ባሉበት ግቢ የተኮላሸ ፈረስ ወይም የረጋች ባዝራ ይመረጣል። ፈተናው ቀላል ነው። ፈረሱ ጋሪ ላይ እንደተጠመደ አጠገቡ ጃንጥላ ይዘርጋ፣ ከኋላው ሞተር ብስክሌት ይለፍ፣ ሰዎችም እየተጯጯሁ ይውጡ ይውረዱ። ጆሮውን አዙሮ ዝም ብሎ የሚቆም ፈረስ የሚፈለገው ነው። አንዳንዱ ሻጭ ፈረሱን ከሥራ መልስ፣ ደክሞት ሳለ ያሳያል። ስለዚህ ፈተናው ፈረሱ አርፎ ባደረበት ጠዋት መደገም አለበት።

*አካል።* ፈረሱ በጠንካራ መሬት ላይ በሶምሶማ ሲሄድ ጭንቅላቱን የሚነቀንቅ ከሆነ እያነከሰ ነው። ኮቴው የተሰነጠቀ፣ የአፉ ጥግ በልጓም የቆሰለ፣ ትከሻው የተላጠ ፈረስ ለጎብኚ ዓይን አይቀርብም። አርፎ የቆመ ፈረስ ሙቀቱ ከ37.5 እስከ 38.5 ዲግሪ፣ የልብ ምቱ በደቂቃ ከ28 እስከ 44፣ ትንፋሹ ከ8 እስከ 16 ነው። ከዚህ በጣም የራቀውን ሐኪም ሳያየው አለመግዛት ነው።

6. ስሌቱ፦ ስንት ሰው ይጎትታል?

ገዢው «ስንት ሰው ይጭናል?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ነጋዴው በግምት ሳይሆን በስሌት ቢመልስ እምነት ያተርፋል።

በመጀመሪያ ክብደቱን ያስላ። የደረቱን ዙሪያ በሴንቲ ሜትር ለክቶ በራሱ ያባዛል፤ ውጤቱን ከትከሻ ጫፍ እስከ መቀመጫ ጫፍ ባለው ርዝመት አባዝቶ ለ11,880 ያካፍላል። የደረቱ ዙሪያ 150፣ ርዝመቱ 140 ሴንቲ ሜትር የሆነ ፈረስ 150 × 150 × 140 ÷ 11,880 = 265 ኪሎ ገደማ ይመዝናል።

ቀጥሎ ጉልበቱ ነው። ፈረስ ለሰዓታት ሳይጎዳ የሚጎትትበት ኃይል ከክብደቱ አንድ አሥረኛ ገደማ ነው፤ እዚህ ላይ ወደ 26 ኪሎ ማለት ነው። ለአጭር ጊዜ ከዚህ በላይ መጎተት ይችላል፤ ቀኑን ሙሉ ግን አይችልም።

አሁን ሰረገላው 150 ኪሎ፣ ነጂውና 3 ጎብኚዎች እያንዳንዳቸው 65 ኪሎ ቢሆኑ ጠቅላላው 410 ኪሎ ነው። ጎማ ያለው ሰረገላ በሜዳማ አስፋልት ላይ ከጠቅላላ ክብደቱ 2 በመቶ ያህል መጎተቻ ይፈልጋል፤ ይህም 8 ኪሎ ነው። በጠጠር መንገድ 5 በመቶ፣ ማለትም ወደ 20 ኪሎ ይሆናል። እስከዚህ ድረስ ፈረሱ አይቸገርም።

ዳገት ሲመጣ ግን ነገሩ ይለወጣል። በ100 ሜትር ውስጥ 5 ሜትር የሚወጣ ዳገት የጠቅላላውን ክብደት 5 በመቶ ይጨምራል። በአስፋልት ላይ 8 የነበረው 28 ገደማ ይሆናል፤ በጠጠር ላይ ደግሞ 41። የመጀመሪያው ከፈረሱ የዘወትር አቅም ትንሽ አለፍ ይላል፤ አንድ ጎብኚ ሲወርድ ወደ 24 ይመለሳል። ሁለተኛው አንድ ፈረስ የሚችለው ስላልሆነ ጥንድ ፈረስ ይፈልጋል። ሙዚየም ሂል ስሙ እንደሚናገረው ኮረብታ ነው። እንዲህ ባለ ቦታ ለሚሠራ ገዢ የተመጣጠነ ቁመትና አረማመድ ያላቸውን ሁለት ፈረሶች አጣምሮ ማቅረብ ለፈረሱም ለንግዱም ይበጃል። ቁልቁለት ላይ ደግሞ ሰረገላው ፍሬን፣ ፈረሱም ከኋላው የሚይዝ ማሰሪያ ከሌላቸው ክብደቱ ሁሉ በፈረሱ ላይ ይወርዳል።

7. መንገድና ወረቀት

የሞያሌ የጋራ ድንበር ጣቢያ የተመረቀው በታኅሣሥ 2020 ነው። ከዚያ እስከ ናይሮቢ በማርሳቢትና በኢሲዮሎ በኩል ወደ 780 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ይህ በአንድ ጉዞ የሚጨረስ አይደለም። ፈረስ ሲታሰር ጭንቅላቱን ዝቅ ማድረግ ካልቻለ ሳንባው ላይ አቧራና አክታ ይከማቻል፤ ለሳንባ ሕመምም ይጋለጣል። ስለዚህ በየጥቂት ሰዓቱ ውኃ፣ በየዕለቱም ከመኪና ማውረድና ገመድ ማላላት ያስፈልጋል። ፈረስን ከከብት ጋር ቀላቅሎ መጫን አይገባም።

የፈረስ፣ የበቅሎና የአህያ ጉዞ ዛሬ ከበሬና ከግመል ጉዞ ይልቅ በጥርጣሬ ይታያል። ምክንያቱ የአህያ ቆዳ ንግድ ነው። በኬንያ የመጀመሪያዎቹ የአህያ ቄራዎች በ2016 ተከፈቱ፤ መንግሥት በየካቲት 2020 አገዳቸው፤ ፍርድ ቤት በግንቦት 2021 እገዳውን ሻረ። በኢትዮጵያ የቢሾፍቱው ቄራ በ2017 ተዘጋ። በየካቲት 2024 የአፍሪካ ኅብረት መሪዎች አዲስ አበባ ላይ የአህያ ቆዳ ንግድን በአህጉሩ ለማገድ ተስማሙ። የኅብረቱ የእንስሳት ሀብት ቢሮ መቀመጫው ከፓርክላንድስ አጠገብ ዌስትላንድስ ውስጥ ነው። ቢሮው በ1951 የተቋቋመው የከብት ደስታ በሽታን ለመዋጋት ሲሆን፣ በሽታው በ2011 ከዓለም መጥፋቱ ታውጇል።

ስለዚህ የፈረስ ጭነት ይዞ የሚቆም ነጋዴ «ወዴት ነው?» ሲባል መልሱ በእጁ መኖር አለበት። የሚያስፈልጉት የተቀባዩ አገር የማስገቢያ ፈቃድ፣ የላኪው አገር የእንስሳት ጤና ምስክር ወረቀት፣ የክትባት መዝገብ፣ በአገር ውስጥ የማንቀሳቀሻ ፈቃድና ከገዢው ተቋም ጋር የተፈረመ ውል ናቸው። ውሉ የእያንዳንዱን ፈረስ ቀለም፣ ምልክትና ዕድሜ ቢዘረዝር ሁለት ጥቅም አለው፤ መኮንኑን ያሳምናል፣ መንገድ ላይ ፈረስ የመለወጥንም ክርክር ያስቀራል። ፈቃዶቹ ከግዢ በፊት ይጠየቁ። ፈረሱን ገዝቶ ፈቃድ መጠበቅ በየቀኑ ድርቆሽ እየገዙ መክሰር ነው።

8. የትርፍና የኪሳራ ሒሳብ

10 ፈረስ ገዝቶ አንዱ የሞተበት ነጋዴ የቀሩትን 9 እያንዳንዳቸውን በ11 በመቶ ጨምሮ ካልሸጠ የግዢ ወጪውን አይመልስም። ሁለት ከሞቱበት ጭማሪው 25 በመቶ ይሆናል። የክትባት፣ የሐኪምና የማደሪያ ወጪ ከዚህ ጋር ተነጻጽሮ መታየት ይገባዋል። «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» እንደሚባለው፣ ጥሩ ፈረስ ነጋዴውን ገበያ ያደርሰዋል፤ ከበሽታ፣ ከዳገትና ከወረቀት ጋር ያለው ትግል ግን የነጋዴው ሥራ ነው።

ለመለማመጃ

1. የደረቱ ዙሪያ 144፣ ርዝመቱ 132 ሴንቲ ሜትር የሆነ ፈረስ ስንት ኪሎ ይመዝናል? የዘወትር ጉልበቱስ ስንት ነው?
2. ገዢው 345 ኪሎ ጠቅላላ ክብደት በጠጠር መንገድና በ5 በመቶ ዳገት ላይ ማስጎተት ይፈልጋል። ይህ ፈረስ ይችለዋል?
3. ከሞጆ ጋሪ የወጣ፣ ጠባዩ የረጋ፣ በፊት እግሩ ላይ ሁለት ትናንሽ እብጠቶች ያሉበት ፈረስ በግማሽ ዋጋ ቀረበ። ነጋዴው ከማን ጋር ይማከር?

*መልስ፦* 1ኛ፣ 230 ኪሎ ገደማ፤ ጉልበቱ 23 ኪሎ። 2ኛ፣ የሚያስፈልገው ወደ 34 ኪሎ ስለሆነ ብቻውን አይችልም። 3ኛ፣ ከእንስሳት ሐኪም ጋር፤ ሐኪሙ እስኪያየው ድረስ ፈረሱ ከሌሎቹ ጋር አይቀላቀል፣ ዕቃቸውንም አይጋራ።